የአንኮበር ገደልና የደብረ ብርሃን ነጋዴ

በአሜሪካ አገር፣ በፍሎሪዳ ግዛት የባሕር ዳርቻ፣ ሥሩን በጨው ውኃ ውስጥ ተክሎ የሚበቅል ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ አለ። ዛፉን ያለ ፈቃድ መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ ሣንቃ አይወጣለትም፤ ፍሬውም ለገበያ አይቀርብም። ይሁን እንጂ በዛፎቹ መካከል በሚያልፈው ጠባብ የውኃ መንገድ ላይ አንድ ንግድ ይካሄዳል። ነጋዴው ፖሊካርቦኔት ከሚባል፣ እንደ መስተዋት ከሚያሳይ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራች ታንኳ ያዘጋጃል። እንግዳው በታንኳዋ ተቀምጦ ከእግሩ በታች የሚያልፈውን ዓሣ፣ በሥሩ ላይ የተጣበቀውን ዛጎል፣ ከቅርንጫፉ ላይ የቆመውን ወፍ ያያል፤ መሪውም ከፊት ከፊቱ እየቀዘፈ የየአንዳንዱን ስምና ጠባይ ይነግረዋል። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ሒሳቡን በዶላር ከፍሎ ይሄዳል። በእጁ የያዘው ዕቃ የለም፤ ከነጋዴውም መጋዘን የጎደለ ነገር የለም።

ይህን የሰማ አስመጪ እንዲህ ያለችውን ታንኳ ለኢትዮጵያ ሐይቆች ለማስመጣት ያስብ ይሆናል። አይቸኩል። ማንግሮቭ የሚበቅለው በሞቃት ባሕር ዳር ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። የአባያ ሐይቅ ውኃ በደለል የደፈረሰ ስለ ሆነ በመስተዋት ታንኳ ቢሄዱበት የሚታየው ጭቃ ብቻ ነው። በጫሞ ሐይቅ ደግሞ «የአዞ ገበያ» ተብሎ የተሰየመውን ስፍራ ጎብኚዎች በሞተር ጀልባ ሄደው ያያሉ፤ ነገር ግን አዞና ጉማሬ በሞላበት ውኃ ላይ ቀላል ታንኳ ማሰማራት ከንግድ አይቆጠርም። ከፍሎሪዳው ነጋዴ መወሰድ ያለበት ሐሳብ ሌላ ነው፤ ይኸውም የሚታይ ነገር ሳይነካና ሳይሸጥ ገንዘብ ሊያመጣ መቻሉ ነው።

ለሰሜን ሸዋ ነጋዴ ይህ የሚታይ ነገር በደጁ ተቀምጦለታል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አንኮበር የተጓዘ ሰው፣ የገብሱ ማሳ በድንገት ያልቅበትና ከገደል አፋፍ ላይ ይቆማል። ከእግሩ በታች ደመና ነው፤ ደመናው ሲገለጥ የአዋሽ ቆላ ይታያል። ጧት ፀሐይ ገደሉን ሞቅ ስታደርገው ጭላዳው ካደረበት ስንጥቅ እየተንጠላጠለ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ቀኑን ሁሉ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይውልና ማታ ተመልሶ በገደሉ ያድራል። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይለያል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትኛውም አገር በዱር አይገኝም። የአካባቢው እረኛ የሚወጣበትን ሰዓትና የሚወጣበትን በር ያውቃል፤ ከለንደን ወይም ከቶኪዮ የመጣው ሰው ግን አያውቅም። የመሪነት ንግድ የሚባለውም ይህንኑ ዕውቀት በዋጋ መስጠት ነው።

ገደሉ ለንግድ ባዕድ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው አልዩ አምባ ከታጁራ ወደብ የሚመጣው የግመል ጓዝ የሚራገፍባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ጨውና የባሕር ማዶ ዕቃ ይገባባታል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወጣባታል፤ ሳይነገር ማለፍ አይገባምና ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥባት ነበር። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር እ.ኤ.አ. በ1841፣ ከፈረንሳይ ጋር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1843 የተዋዋሉት የወዳጅነትና የንግድ ውል በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። ኋላም ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ማርኪዝ ኦራሲዮ አንቲኖሪ የተባሉ ኢጣልያዊ የእንስሳት ሊቅ ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ በተባለው ስፍራ ጣቢያ ተክለው ተቀምጠው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1882 ያረፉትም እዚያው ነው። እኒያ ሊቃውንት ወፉን በጠመንጃ እየጣሉ፣ ቆዳውን እያደረቁ ወደ ኢጣልያ ሙዚየሞች ይልኩ ነበር። ከዚሁ አገር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከተሰበሰቡት ወፎች መካከል ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነች አንዲት የቆላ ወፍ፣ ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ሳትታይ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1989 እንደ ገና ተገኝታለች። ዛሬ እርሷን ለማየት ብለው በመነጽር የሚፈልጓት ሰዎች ከሩቅ አገር ይመጣሉ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርም ነገር ደግሞ አለ። ጆን አሽ የተባሉ እንግሊዛዊ የወፍ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1976 በአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ የምትኖር፣ ከዚያ በፊት በሳይንስ ያልተመዘገበች አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጽሑፍም በአንኮበር ስም ጠሯት። ከዚያ ወዲህ በስሜን ተራራም መኖሯ ታውቋል፤ ስሟ ግን የአንኮበር እንደ ሆነ ቀረ። አንድ ነጋዴ ለንግድ ምልክቱ ማስታወቂያ በየዓመቱ ስንት እንደሚያወጣ ያውቃል። አንኮበር ግን ስሟ ያለ አንዳች ወጪ በዓለም የወፍ መጻሕፍት ሁሉ ተጽፎላታል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ሆነና፣ በደብረ ብርሃን ሱቆች ውስጥ የዚችን ወፍ ሥዕል የያዘ ፖስት ካርድ ፈልጎ ለማግኘት ብዙ መዞር ያሻል።

ወደ መንዝ የተሻገረ ሰው ደግሞ ጓሳን ያገኛል። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የሣር ምድር ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከሣሩ ነው። በዚህ ሣር ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ለብዙ ነገር ይውላል። የመንዝ አባቶች፣ አስቦና ጌራ ከተባሉት አቅኚዎች ጀምሮ እንደሚነገረው፣ ይህን ምድር ቀሮ በተባለ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ሣሩ እንዳይታጨድ፣ ከብትም እንዳይገባበት ለዓመታት ይዘጋል፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል። ከዚያ በበጋ ተከፍቶ መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብቱ ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ እንደ ገና ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ይህ ሥርዓት ለአራት መቶ ዓመት ያህል ከዘለቀ በኋላ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ፈረሰ፤ ሆኖም ሕዝቡ ፈጽሞ አልተወውም፤ ኋላ በአካባቢው ማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ሆኖ በሕግ ታወቀ። እንግዳ የሚያድርበትም ማረፊያ አለው፤ መሪዎቹና ጠባቂዎቹም የዚያው አገር ልጆች ናቸው።

በጓሳ ቀይ ቀበሮ አለ። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ይህ አውሬ በመላው አገሪቱ የቀረው ለአካለ መጠን የደረሰ ቁጥሩ ከ500 አይበልጥም ይባላል። ቀይ ቀበሮው በጭላዳው መንጋ መካከል ገብቶ ሲሄድ ጭላዳው አይሸሽም፤ ቀበሮውም የጭላዳውን ግልገል አይነካም። ተመራማሪዎች እዚያው ጓሳ ላይ ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳስታወቁት፣ ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 25 ያህሉ ሲሳካለት፣ በጭላዳ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል። ምናልባት ሣር የሚነጨው መንጋ አይጡን ከጉድጓዱ እያወጣለት፣ ወይም ቀበሮውን እየሰወረለት ይሆናል። ያለ ውልና ያለ ማኅተም የተቋቋመ ሽርክና ነው። አንድ አዋቂ መሪ ይህን በጓሳ ሜዳ ላይ ቆሞ ቢተርክ፣ የሰማው እንግዳ ተጨማሪ ቀን ለማደር አያመነታም፤ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ደግሞ ለሆቴሉ አልጋ፣ ለዳቦ ቤቱ ዳቦ፣ ለባለሱቁ ሻማና ባትሪ ነው።

እዚህ ላይ የሒሳብ መዝገብ መግለጥ ያስፈልጋል። ጎብኚው ከውጭ አገር ሲነሣ ገንዘቡን ለአስጎብኚ ድርጅት ይከፍላል፤ ድርጅቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው። መኪናው ከአዲስ አበባ ይነሣል፤ ነጂውም አስተርጓሚውም ከዚያው ናቸው፤ ምሳው ሳይቀር በካርቶን ታሽጎ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ለደብረ ብርሃን የሚተርፈው የአንድ ሌሊት አልጋና ጥቂት ሊትር ቤንዚን ነው። በአዲስ አበባ ያሉትን ሰዎች በዚህ መውቀስ ተገቢ አይሆንም፤ እነርሱ ገበያውን ፈልገው፣ ደብዳቤ ጽፈው፣ እንግዳውን አሳምነው ያመጡ ናቸው። ወቀሳ ካለ የደብረ ብርሃን ነጋዴ ላይ ነው፤ መኪናው በበሩ ሲያልፍ እየተመለከተ የሚሸጠው ነገር አላዘጋጀምና።

የሚሸጥ ነገር ግን ሞልቷል። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ የአገሪቱን የቱሪስት ሥራ ሲያቋቁሙ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን ስም ለዓለም አሰሙ፤ በእንግሊዝኛው የ13 ወር ፀሐይ ማለት ነው። በዚህ ተማምኖ በቀጭን ሸሚዝ አንኮበር የደረሰ እንግዳ ማታ ሲንቀጠቀጥ ቢታይ አይፈረድበትም። የመንዝ ባናና በርኖስ ለዚሁ ብርድ የተሠሩ ናቸው። ባናው ከአገሩ በግ ሱፍ ተፈትሎ የተሠራ መሆኑን፣ የፈተለችውንና የሸመነውን ሰው መንደር የሚገልጽ ወረቀት ተሰፍቶበት በሆቴሉ በር ቢሰቀል ለመሸጥ ብዙ ቃል አይፈልግም። ላኪዎችም ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ጎብኚው አንዱን ባና ለብሶ አገሩ ከገባ የናሙናውን የፖስታ ወጪ ራሱ ከፈለ ማለት ነው።

ተቃውሞ የሚያነሡ መኖራቸው አይቀርም። ገበሬው ጭላዳ ገብሴን ይበላብኛል ይላል፤ እውነቱን ነው። ቀኑን ሙሉ ልጁን ከማሳው ዳር አቁሞ የሚያስጠብቅ ሰው፣ ያንኑ እንስሳ ሌላው በገንዘብ ሲያየውና ለእርሱ አንድ ብር ሳይደርሰው ሲቀር ወንጭፉን ቢያነሣ ሊገርም አይገባም። እንግዲህ ከመሪነቱ ዋጋ ላይ ለቀበሌው የሚቀር የታወቀ ድርሻ ሊኖር ይገባል፤ ይህም በደረሰኝ መሆን አለበት። ያለ ደረሰኝ የተሰጠ ገንዘብ የትኛውም ኪስ ውስጥ ይቀራል።

ሌላው ጉዳይ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ጥቂት የሚጎረብጥ ነው። የአንኮበሯ ወፍ የምትኖረው በገደሉ አፋፍ፣ በድንጋይና በቁጥቋጦ መካከል ነው። በአካባቢው እርሻው እስከ አፋፉ እየተጠጋ ነው፤ ባሕር ዛፍም እየተተከለ ነው። ከባሕር ዛፉ የሚወጣው አጣናና ማገር በማን ሱቅ በር እንደሚከመር ደግሞ የታወቀ ነው። ባሕር ዛፍ አይተከል ማለት ለድኻው ገበሬ የማይቻል ምክር ነው፤ ለብዙ ቤተሰብ የክፉ ቀን ገንዘቡ እርሱ ነውና። ነገር ግን አጣና ገዢው ነጋዴ ከገደሉ አፋፍ ላይ የተቆረጠውን እንጨት አልገዛም ቢል፣ ከደጋው ሜዳ የሚያገኘው እንጨት አያንሰውም። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግም ሆነ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ የአጣና ነጋዴዎች ለአንድ ማታ ተሰብስበው ቢስማሙ ይበቃል።

ጊዜው የማይመች መሆኑ አይካድም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሮና በሽታ ምክንያት ጎብኚ ቀረ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ ሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ደርሶ ነበር፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት የተነሣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የውጭ አገር መንግሥታትም ዜጎቻቸው ወደ ክልሉ እንዳይጓዙ አስጠንቅቀዋል። መንገድ ሳይረጋጋ እንግዳ ጥሩ ብሎ ነጋዴን መምከር ከንቱ ነው። ሆኖም የወፍ ስም፣ የጭላዳ ጠባይ፣ የውጭ አገር ቋንቋ፣ እንግዳን በገደል አፋፍ ላይ ሳያስደነግጡ መምራት በአንድ ወር የሚማሩት ሥራ አይደለም። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥተው በደብረ ብርሃን አደባባይ ሥራ የሚፈልጉት ወጣቶች ይህን መማር ያለባቸው እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ለመማሪያ የሚሆን መነጽርና የወፍ መጽሐፍ ከውጭ ማስመጣትም የአስመጪዎች ድርሻ ነው፤ ለአንድ አስመጪ ከአንድ ካርቶን የማይበልጥ ጭነት ነው።

ባናውን ለመደርደር ግን የመንገዱን መረጋጋት መጠበቅ አያሻም። የመንዝ ሴቶች ሱፉን ዛሬም ይፈትላሉ፤ ብርዱም የሰሜን ሸዋ ብርድ ስለ ሆነ፣ ጎብኚ ቢመጣም ቢቀርም ባናው ገዢ አያጣም።