ወርቅ ላበደረ ጠጠር!
የዘማች ሚስት ማሳ በፎቶግራፍ አይታረስም

ጦርነት በመጣ ቁጥር አገራችን ውስጥ የማይለወጥ አንድ ወግ አለ። ከበሮ ይመታል፣ ሰንደቅ ይሰቀላል፣ ሹሙ መድረክ ላይ ይወጣና ልጅህን ስጠኝ፣ ሚስቱና ልጆቹ የእኔ አደራ ናቸው ይላል። በንጉሡ ጊዜ ተብሏል፣ በደርግ ተብሏል፣ በኢሕአዴግ ተብሏል፣ በብልፅግናም ተብሏል። ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ ሌላ የማይለወጥ ወግ አለ። መድረኩ ይፈርሳል፣ ሹሙ ይዛወራል፣ አደራውም አብሮ ይዛወራል። ወዴት እንደተዛወረ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ለእኔም ንገሩኝ።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት የትኛው ጦርነት ትክክል ነበር፣ የትኛው ስህተት ነበር ብዬ ለመሟገት አይደለም። ለዚያ ሌላ ቀን አለን። የዛሬው ሙግቴ አንድ ነው፦ የዘማችን ቤተሰብ ይዞ ያቆየው ጎረቤት ነው፤ መንግሥት ግን የጎረቤትን ጉልበት በራሱ ስም ሪፖርት አድርጎ የራሱን ዕዳ ሳይከፍል ኖሯል። ይኼ ይቁም ነው የምለው።

ነገሩን ከማውቀው አገር ልጀምር። ቁይ በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላትግን ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ጤፍና ስንዴ ነው። እዚያ አገር ገበሬ ለብቻው ገበሬ አይሆንም። በወንፈል ጉልበት ይበዳደራል፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ላንተ ነው። ሥራው ሲበረታበት ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ደቦ ይጠራል። ሲሞትበት እድር አለው፣ ሲቸግረው ማኅበርተኛ አለው። ሰው ሲዘምትበትም እንዲሁ ነው። መመሪያ ሳይወርድ፣ ካድሬ ሳይሰበስበው፣ ጎረቤት በሬውን ጠምዶ ከዘማቹ ማሳ ላይ ይገኛል።

ነገር ግን ይህንን ደግነት የሚያወድሱ ሹማምንት የማያውቁት፣ ወይም አውቀው የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ወንፈል ብድር ነው። የተበደርከውን ቀን በቀን ትመልሳለህ። አባወራው የዘመተባት ሴት በምን ትመልሰው? በባህላችን ሴት ሞፈር አትጨብጥም። በሬ ከሌላትማ ነገሩ አበቃ። እናም የሚሆነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት መንደሩ ነቅሎ ይመጣል። በሁለተኛው ዓመት ግማሹ ይመጣል፣ ግማሹም የራሱን ሳይዘራ ዝናብ እንዳያልፍበት እያሰበ ነው የሚመጣው። በሦስተኛው ዓመት ማንም ክፉ ሳይሆን፣ ማንም ሳይጨክን፣ ሴትዮዋ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። ከዚያ ወዲያ ከገዛ መሬቷ የምታገኘው ግማሹን ነው። ማዳበሪያውና ዘሩ ሲወጣለት ግማሹም ግማሽ አይሆንም። የዘማች ቤተሰብ በአንድ ቀን አይደኸይም፤ እንዲህ በሦስት ክረምት ነው የሚደኸየው።

አሁን ወደ 2013 እና 2014 እንምጣ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 የሰሜን ዕዝ ተጠቃ፣ ጦርነቱ ተጀመረ። በሐምሌ 2013 የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር የነበሩት አቶ አገኘሁ ተሻገር መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲዘምት ጠሩ። በነሐሴ መጀመሪያ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅሙ የፈቀደ ሁሉ እንዲሰለፍ ጠሩ። ገበሬው ጥሪውን ሰማ። ያውም በምን ወር? ዘር በሚዘራበት፣ አረም በሚታረምበት ወር! በኅዳር መጨረሻ 2014 መንግሥት አንድ ነገር አደረገ። በመላ አገሪቱ ያሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘጉና ተማሪዎች የዘማቾችን ሰብል እንዲያጭዱ ተባለ።

ተማሪዎቹን አመሰግናለሁ። ማጭድ ይዘው የወጡ የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ናቸው፤ የሚነቀፉበት ነገር የለም። የምነቅፈው ካሜራውን ነው። ያን ሳምንት በቴሌቪዥን ያላየነው ማጭድ አልነበረም። ባለሥልጣን ሳይቀር ጎንበስ ብሎ ነዶ ሲያቅፍ አየን። እሰየው! ግን እንጠይቅ፦ ጤፍ እኮ ሲታጨድ ብቻ አይደለም ሥራው። አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፣ ይለሰልሳል፣ በሐምሌ ይዘራል፣ ወገብ እስኪቆረጥ ይታረማል። አጨዳ የመጨረሻው ሳምንት ነው። በግንቦትና በሰኔ ጭቃ ውስጥ ማረሻ ይዞ ለዘማች ሚስት ሲያርስ በቴሌቪዥን የታየ ባለሥልጣን አለ? እኔ አላየሁም። አጨዳ ፎቶ አለው፤ እርሻ ፎቶ የለውም። ልዩነቱ ይኼው ነው!

አክስቴ ቁይ አጠገብ ትኖራለች። ባሏ በ1991 ወደ ባድመ ግንባር ዘምቶ አልተመለሰም። ያን የአጨዳ ሳምንት ወሬ ሳነሣላት ያለችኝን እስከዛሬ አልረሳውም። «ልጄ፣ ማጨዱንስ ማንም ያጭደዋል፤ ያልታረሰ ምኑ ይታጨዳል?» አለችኝ። ምን አለፋችሁ፣ እኔ በዚህ ሁሉ ዓረፍተ ነገር ልለው የምታገለውን እሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

የእሷ ባል መሞቱን የነገራት ማን ይመስላችኋል? መንግሥት? ኧረ ምን ሲደረግ! አብሮት የነበረ የጎረቤት ቀበሌ ልጅ ቆስሎ ሲመለስ ነው የነገራት። መርዶውን ሰማች፣ ተቀመጠች፣ አለቀሰች፣ እድሩ ቀበራት ማለት ይቻላል። አንድ መሥሪያ ቤት ሄዳ፣ ስሙን አልጠራውም፣ የሞት ማስረጃ ስትጠይቅ መጀመሪያ የተጠየቀችው የሞት ማስረጃ ነው። እውነቴን ነው! መሞቱን የሚያሳይ ወረቀት ለማግኘት መሞቱን የሚያሳይ ወረቀት አምጪ ተባለች። አለቀሰች እንጂ ምን ትበል?

እስኪ ወደ ኋላ ዞር እንበል። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ተብሎ ከየገጠሩ የተሰበሰበው ገበሬ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ፣ ሚሊሺያ ሆኖ ወጣ። ኦጋዴን ወረደ፣ ሰሜን ወጣ። የገበሬ ማኅበሩ የዘማቹን መሬት በተራ እንዲያርስ ይታዘዝ ነበር። በጠበንጃ የታዘዘ ደቦ ደቦ ነው ወይ የሚለውን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ለደርግ ግን አንድ ሐቅ አልነፍገውም። ለሟች ወታደር ልጆች አላጌ ላይ ሕፃናት አምባን አቋቁሞ ነበር። አባቱን ያጣ ልጅ በልቶ የሚያድርበት፣ ተምሮ የሚያድግበት ቦታ ነበር። ግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፣ አምባውም ፈረሰ፣ ቦታው በኋላ የእርሻ ኮሌጅ ሆነ። በአገራችን መንግሥት ሲወድቅ የሚወድቀው መንግሥት ብቻ አይደለም፤ የወታደሩ ልጅም አብሮ ይወድቃል። ልጁ ምን አጠፋ?

ከዚህ ጋር ደግሞ ይህንን አስተያዩት። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ወደ ኮሪያ ዘመተ። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያ ጦርነት ወደቁ። እነዚያ ዘማቾች ለራሳቸው መንግሥት፣ በተለይ በደርግ ዘመን፣ እንደ ነውር ተቆጥረው ነበር። ደቡብ ኮሪያውያን ግን ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም አልረሷቸውም። ለዘማቾቹ ድጎማ ሲሰጡ፣ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ዕድል ሲከፍቱ ኖረዋል። ባዳ ያስታወሰውን ዘመድ ረሳው። ሴኡል ላይ የሚታወቅ ውለታ ቁይ ላይ የማይታወቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

«ጡረታ አለ እኮ!» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ አለ። በጡረታ ሕጋችን መሠረት የመደበኛ ወታደር ሚስት የሟቹን አበል ግማሽ፣ ልጁ ደግሞ አንድ አምስተኛውን ያገኛል። ትንሽ ናት፣ ግን ሕግ ናት። ጥያቄው የጡረታ አበል ከምን ይሰላል የሚለው ነው። ከደመወዝ! ታዲያ ደመወዝ የሌለው የገበሬ ሚሊሻ ከምን ይሰላለት? ከጠበንጃው? ወይስ ከሁለት በሬው? አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በአንድ መድፍ የተመቱ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንዱ ደመወዝተኛ ነው፣ ሌላው ማረሻውን ጥሎ የመጣ ገበሬ ነው። ሞት አላበላለጣቸውም። የደመወዝ መዝገብ ግን አበላለጣቸው። የጎጃም ገበሬ በአብዛኛው በየትኛው በኩል እንደዘመተ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ወደ መርዶው ልመለስ፤ ምክንያቱም የሁሉም ነገር ቁልፍ እሱ ነው። አሜሪካኖች ወታደር ሲሞትባቸው ወታደራዊ ልብስ የለበሱ ሰዎች ቤቱ ድረስ ሄደው፣ በሩን አንኳኩተው ይናገራሉ። ሩቅ አገር ነው፣ ሀብታም ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ቅርብ እንሂድ። የኤርትራ መንግሥት፣ ስለ ሌላው ጠባዩ ሌላ ጊዜ እናወራለን፣ በባድመው ጦርነት 19,000 ወታደሮች እንደሞቱበት በይፋ ተናግሯል። ትግራይ ውስጥ ደግሞ በጥቅምት 2016 ለቤተሰብ መርዶ ተነግሮ፣ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ፣ እናት በአደባባይ አለቀሰች። ቢዘገይም አለቀሰች። በእኛ በኩል የዘመተው ሚሊሻ ስም እንዲህ ተጠርቶ፣ እናቱ እንዲህ በወግ ስታለቅስ ግን አላየሁም። ሐዘን በአሉባልታ ይነገራታል፤ ስልኩ ጠፋ፣ ጓደኛው ተመለሰ፣ እሱ ግን አልመጣም። ግማሿ ተስፋ ያደርጋል፣ ግማሿ ከል ይለብሳል።

ወረቀት ማጣት የሐዘን ጉዳይ ብቻ አይደለም። የእህል ጉዳይም ነው። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ። የባልየው ሞት በሕግ ካልታወቀ ውርስ የለም፣ ስም ማዞር የለም፣ ከወንድሞቹ ጋር ክርክር ሲነሣም ማስረጃ የለም። ለዚህ ያህል አንዲት ነገር ላንባቢዬ ልጠቁም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ የ1952ቱ፣ ቁጥር 154 ላይ ሁለት ዓመት ወሬው የጠፋ ሰው መጥፋቱ እንዲታወጅ ባለጉዳዩ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል ይላል። ገጠር ያለች እህት፣ አክስት ያለችው ይንገርልኝ። ግን እስኪ ፍረዱ፦ መንግሥት በስም ጠርቶ፣ በመኪና ጭኖ የወሰደውን ሰው ሚስቱ ጠፋብኝ ብላ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ትንከራተት? ሲወስዱት መዝገብ ነበራቸው። ሲሞት መዝገቡ የት ገባ?

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ተመስገን አልን። በዚያው ዓመት የክልሉ ልዩ ኃይል ፈረሰ፤ ሐምሌ 28 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ጦርነት ጎጃም ራሱ ውስጥ ገባ። አሁን ነገሩ ከበፊቱ ይልቅ የሚያም ሆነ። ከአንድ እናት ማሕፀን የወጡ ልጆች አንዱ መከላከያ፣ አንዱ ጫካ የሆኑበት ቤት አለ። የወታደር ሚስትን ማሳ ያረመ ሰው ለአንዱ ወገን አደረ እንዳይባል፣ የሌላውን እናት የረዳ ደግሞ ለሌላው አደረ እንዳይባል የሚፈራበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ከዚህ በላይ የደቦ ጠላት የለም። የሚተኩሱትም ሆኑ የሚያስተኩሱት ሁሉ አንድ ነገር ይስሙኝ፦ የሴትዮዋን ማሳ ለቀቅ አድርጉ! ጤፍ ወገን የለውም። ባል የዘመተባት ሴት ልጆቿን ከማብላት ሌላ ዘመቻ የለባትም።

«አገሪቱ ድሃ ናት፣ ከየት አምጥታ ለሁሉም ትስጥ?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የሟችን ስም መጻፍ ስንት ብር ይፈጃል? ለእናቱ በወግ መንገርስ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል? ለመውሰድ ያልደኸየች አገር ለመመለስ ስትባል ነው የምትደኸየው?

ስለዚህ ጥያቄዬን ቆጥሬ አስቀምጣለሁ፣ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር። አንደኛ፣ በየቀበሌው የዘመተ ሁሉ፣ ወታደርም ሚሊሻም፣ በስሙ ይመዝገብ፤ የሞተው፣ የቆሰለው፣ የጠፋው ይለይ። ሁለተኛ፣ መርዶው በወግ ይነገር፣ ማስረጃውም ያን ዕለት በእጇ ይሰጣት። ሦስተኛ፣ ደመወዝ ያልነበረው ሟች ልጆች እንደ ደመወዝተኛው ልጆች በሕግ የታወቀ አበል ይኑራቸው። አራተኛ፣ ለዘማች ቤት እርዳታ ካለ በአጨዳ ሳይሆን በእርሻ ወር ይምጣ፤ በሬ፣ ዘርና ማዳበሪያ ሆኖ ይምጣ። አምስተኛ፣ የጎረቤት ደቦ የጎረቤት ነው፤ በመንግሥት ሪፖርት ላይ እንደ መንግሥት ሥራ አይጻፍ።

ይህ ምጽዋት አይደለም፣ ዕዳ ነው። የቁይ ገበሬ ወርቁን አበድሯል፤ ልጁን ማለቴ ነው። ጠጠር ይበቃዋል የምትሉ ካላችሁ ግን ሌላ ጊዜ ከበሮ ስትመቱ በሩን ዘግቶ ቢቀመጥ አትደነቁ።

ልቦና ይስጠን!