ናፍጣ፣ አውቶማቲክ፣ ስቴሽን፦ የሻጩን ወረቀት አብረን እናንብብ

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ቢቱዋሕ ሌኡሚ፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ቤት ኪራይ ነው። ዛሬ ግን ስለ መኪና እንነጋገራለን። ይህ የሶሻል ወርከር ሥራ አይደለም የሚል ካለ፣ አንድ ቤተሰብ ከመርከዝ ክሊታ ከወጣ በኋላ ከቤት ቀጥሎ ትልቁን ገንዘብ የሚያወጣው በምን ላይ እንደሆነ ይጠይቅ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ገዴራ የሚኖሩ አንድ አባት ወደ ቢሮዬ መጡ። የምጽፈው ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው፤ ስማቸውን ትቼዋለሁ። በእጃቸው በዕብራይስጥ የተጻፈ አንድ ገጽ ይዘዋል። «ልጄ፣ ይህን አንብቢልኝ። ሰውየው እስከ ሐሙስ ካልወሰድክ ለሌላ እሸጣለሁ ብሎኛል» አሉኝ።

ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነው፦ ስቴሽን፣ ዲዝል፣ ጊር ሮቦቲ፣ የ2013 ሥሪት፣ ያድ ሽሊሺት (ሦስተኛ ባለቤት)፣ 190,000 ኪሎ ሜትር የሄደች። የፋብሪካዋን ስም አልጽፍም፤ ማስታወቂያም ስም ማጥፋትም እንዳይሆን። የተጠየቀው ዋጋ እሳቸውና ባለቤታቸው በሦስት ዓመት ያጠራቀሙትን ገንዘብ በሙሉ ይወስዳል። ከዚያው ገንዘብ ላይ ጎንደር ላሉት እኅታቸው የሚላክ ነበረበት።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ስለዚህ ያቭኔ ሙሳኽ ውስጥ የሚሠራውን የአጎቴን ልጅ ስልክ ደውዬ፣ ወረቀቱን ቃል በቃል አነበብኩለት። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው የእሱ ትምህርት ነው።

ስቴሽን ማለት ጣሪያዋ እስከ ኋላ የሚዘልቅ፣ ሰፊ ዕቃ መጫኛ ያላት የቤት መኪና ናት። ለቤተሰብ ትመቻለች፤ የሕፃን ጋሪ፣ የሸመታ ከረጢት፣ ለሠርግ የሚጫን ድስት ሁሉ ይገባባታል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። እኒህ አባት ከነባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው አምስት ናቸው፤ መኪናዋም የአምስት ሰው ናት። «እናቴ ስትመጣ ትንሹ ከኋላ ከዕቃው ጋር ይቀመጣል» አሉኝ። አይሆንም። የተፈቀደው የሰው ቁጥር በመኪናው ሪሽዮን (በአገራችን ሊብሬ እንደምንለው) ላይ ተጽፏል፤ እያንዳንዱም ሰው ቀበቶ ማሰር አለበት። በዕቃ መጫኛው ውስጥ ቀበቶ የለም፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና ቢገጭም መጀመሪያ የሚያገኘው ልጁን ነው። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

አሁን ወደ ዲዝል እንምጣ። ዲዝል ማለት የናፍጣ ሞተር ነው፤ በአገር ቤት ከጎንደር ባሕር ዳር የሚመላለሱት አይሱዙዎችና ሚኒባሶች የሚሠሩበት። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር እንዲህ ያለ ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻውን አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ አየሩ ሲጨመቅ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ በዚህ ጊዜ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይነዳል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ይህን ሞተር በ1897 አሠርቶ አሳይቷል። በብርቱ ስለሚጨምቅና ናፍጣም በሊትር ከቤንዚን የበለጠ ኃይል ስለሚይዝ፣ ለተመሳሳይ መንገድ ያነሰ ይጠጣል። ለዳገትና ለጭነትም ጉልበቱ ከታች ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ወጥመድ አለ። በማደያ ቆማችሁ «ናፍጣ» ብትሉ እስራኤላዊው «ኔፍት» ያላችሁ ይመስለዋል፤ ኔፍት በዕብራይስጥ ላምባ፣ ማለትም ነጭ ጋዝ ነው። የእኛ ናፍጣ እዚህ «ሶለር» ይባላል። ቤንዚን ግን በሁለቱም ቋንቋ ቤንዚን ነው። ብዙ ጊዜ የሶለር ቱቦ አፉ ሰፊ ስለሆነ በቤንዚን መኪና ታንክ አይገባም፤ የቤንዚኑ ቀጭን ቱቦ ግን በናፍጣ መኪና ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ የሚሳሳተው በአብዛኛው ባለ ናፍጣው ነው። በስህተት ቤንዚን ከተሞላ ቁልፉን አትንኩ፣ ሞተሩን አታስነሱ፤ መኪናዋ ተጎትታ ታንኩ ይጠባ። አንዴ ከተነሳች ቤንዚኑ የናፍጣውን ፖምፓና ኢንጀክተሮች ይበላል፤ ወጪውም የትየለሌ ነው።

ስለ ዋጋውም ልንገራችሁ። በአገር ቤት ናፍጣ ለረጅም ዘመን ከቤንዚን ይረክስ ስለነበር «ናፍጣ የድሃ ነው» የሚል ሐሳብ ይዘን መጥተናል። እዚህ እንደዚያ አይደለም። የ95 ቤንዚን ከፍተኛ ዋጋ በየወሩ በመንግሥት ይወሰናል፤ የሶለር ዋጋ ግን አይወሰንም፤ ከማደያ ማደያ ይለያያል፤ ከቤንዚን ሊበልጥም ይችላል። በናፍጣ መኪና የሚቆጠበው ጥቂት ሊትር በመጠጣቷ እንጂ በሊትሩ ዋጋ አይደለም።

ዋናው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የዛሬዎቹ የናፍጣ መኪኖች በጭስ ማውጫቸው መንገድ ላይ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው። በዕብራይስጥ «ማስኔን ሐልኪኪም» ይባላል። በአውሮፓ ሕግ ከ2009 ወዲህ በአዳዲሶቹ ላይ እየተገጠመ መጥቷል። ይህ ማጣሪያ ጥቀርሻውን ሰብስቦ ሲሞላ ራሱን ያቃጥላል፤ ለማቃጠል ግን 600 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ያ ሙቀት የሚገኘው መኪናዋ በረጅም መንገድ ሳታቋርጥ ሩብ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ስትሮጥ ነው። ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ኩፓት ሖሊም ደርሶ፣ ሱፐር ገብቶ የሚመለስ ሰው መኪናዋ ሳትግል ያጠፋታል። ጥቀርሻው በጥቀርሻ ላይ ይደራረባል። መጀመሪያ መብራት ይበራል፤ ቀጥሎ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ በመጨረሻ ማጣሪያው ይደፈናል። የአጎቴ ልጅ እንደነገረኝ፣ እሱ ዘንድ ተጎትተው ከሚመጡት የናፍጣ መኪኖች ብዙዎቹ ከሰፈር ሰፈር ብቻ የሚነዱ ናቸው። አዲስ ማጣሪያ ብዙ ሺህ ሸቀል ያስወጣል።

«ቆርጠን እናውጣልህ፣ በርካሽ ይሆናል» የሚል አይጠፋም። አትስሙት። ሕገ ወጥ ነው፤ በዓመታዊው ቴስትም (የአገራችን ቦሎ ማለት ነው) ሊያስጥል ይችላል። ሃይፋም ከ2018 ጀምሮ የሚያጨሱ የናፍጣ ተሽከርካሪዎችን ከከተማዋ መካከለኛ ክፍል ማገድ ጀምራለች። ከ2015 አካባቢ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ «አድ ብሉ» (ኡሬያ) የሚባል ፈሳሽ በሌላ ታንክ ይይዛሉ፤ እሱ ካለቀ መኪናዋ እንደገና አትነሳም። በናፍጣው ታንክ ግን ፈጽሞ አይጨመርም።

የጊሩን ነገር በአጭሩ። የእኒህ አባት መንጃ ፈቃድ የአውቶማቲክ ብቻ ነው፤ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ባለ ፍሪሲዮኗን መኪና መንዳት አይፈቀድለትም። ስለዚህ አውቶማቲክ መፈለጋቸው ትክክል ነው። ሆኖም አውቶማቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። «ፕላነታሪ» የሚሉት የጥንቱ ዓይነት በዘይት ግፊት የሚሠራ፣ የለሰለሰና ጠንካራ ነው። «ሮቦቲ» የሚሉት ግን በውስጡ እንደ ማኑዋል ካምቢዮ ነው፤ ፍሪሲዮኑን በእግራችሁ ፈንታ ኮምፒዩተርና ሞተር ይረግጡላችኋል። ፍሪሲዮን ደግሞ ያልቃል፤ በተለይ በሰልፍ መሐል ትንሽ ሄዶ መቆም ሲበዛ። ወረቀቱ «አውቶማቲ» ብቻ የሚል ከሆነ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። በሙከራ ጊዜ ዳገት ላይ አስቁሟትና ቀስ ብላችሁ አስነሷት፤ ከተንቀጠቀጠች ወይም ወደ ኋላ ከተንሸራተተች ተጠራጠሩ።

ይህን ሁሉ ከሰማን በኋላ እኒህ አባትና እኔ የወረቀቱን ጀርባ ገልብጠን ሒሳብ ሠራን። ሥራቸው እዚያው ገዴራ፣ ከቤታቸው 3 ኪሎ ሜትር ነው። ትምህርት ቤቱም ሱፐሩም ቅርብ ነው። ሰንበት መኪናዋ ትቆማለች። ሁሉም ተደምሮ በሳምንት 60 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 3,000 ያህል ይሆናል፤ ያውም የተቆራረጠ መንገድ። የቤንዚኗ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር፣ የናፍጣዋ 5 ሊትር ተኩል ትጠጣለች እንበል። የዓመቱ ልዩነት 45 ሊትር ነው። አንድ ታንክ አይሞላም! ለዚህች አንድ ታንክ ሲባል የብዙ ሺህ ሸቀል ማጣሪያ አደጋ ላይ ሊጥሉ ነበር።

አባት ዝም ብለው ቁጥሮቹን ካዩ በኋላ፣ «እንግዲያው ይቺ መኪና የወንድሜ እንጂ የእኔ አይደለችም» አሉ። ወንድማቸው ቂርያት ማላኺ ይኖራሉ፤ በቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ የሌሊት ሠራተኛ ናቸው። በ40 ቁጥር መንገድ ወጥተው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው፣ ያንኑ ያህል ይመለሳሉ። በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት ከ21,000 ኪሎ ሜትር በላይ። ለእሳቸው ልዩነቱ ከ300 ሊትር በላይ ነው፤ ማጣሪያውም በየሌሊቱ ይግላል። ያቺው መኪና፣ ያው ሞተር፤ ለአንዱ ወንድም ጥቅም፣ ለሌላው ዕዳ።

ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ወንድምየው መኪናዋን ሊያዩ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት የነገርኳቸውን ለእናንተም ልጻፍ። የሪሽዮኑን ወረቀት አይታችሁ መኪናዋ ቀድሞ የግል፣ የሊዝ ወይስ የታክሲ እንደነበረች አረጋግጡ። ዕዳ ወይም እገዳ (ሺዕቡድ፣ ዒኩል) እንደሌለባት ሳታጣሩ አንድ አጎራ አትስጡ። ዋጋዋን ከሌዊ ይጽሐቅ መሒሮን ጋር አስተያዩ። የረጹዓት ታይሚንግ የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቁ፤ ያ ቀበቶ ቢበጠስ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ፣ ሞተሩም ያልቃል። ከሁሉም በላይ ሻጩ ወደሚመርጠው ሳይሆን እናንተ ወደምትመርጡት ማኾን ብዲካ ውሰዷት። የመመርመሪያው ክፍያ ያንገበግባል፣ አውቃለሁ።

ምርመራው የሮቦቲው ፍሪሲዮን ሊያልቅ መድረሱን አሳየ። የታይሚንጉ ደረሰኝም አልተገኘም። ወንድምየው ዋጋው እንዲቀነስ ጠየቁ፤ ሻጩ እንቢ አለ፤ ተለያዩ። ሐሙስ አለፈ። መኪናዋን ሌላ ሰው ገዝቷት እንደሆነ አላውቅም።

ታላቅየው አባት እስካሁን አልገዙም። ገንዘቡ ባንክ ነው፤ ለእኅታቸው የሚላከውም ሄዷል። አሁን የሚፈልጉት ትንሽ የቤንዚን መኪና፣ ፕላነታሪ ጊር ያላት ነው። አዲስ ወረቀት ሲያገኙ ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል።

በሚቀጥለው እትም ስለ ኢንሹራንስ እንጽፋለን፦ በ1975 የወጣው ሕግ ስለሚመለከተው ቢቱዋሕ ሖቫ፣ ስለ ጻድ ጊመልና ስለ መኪፍ። ጥያቄ ያላችሁ በጽሑፍ ላኩልን፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም እንቀበላለን።