ካሜራው ወደ ጨፌው ይውረድ

ትግል በቴሌቪዥን የገነነው ለምን ይመስላችኋል? በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የከተማ ጣቢያዎች የሚያሳዩት ሲያጥራቸው ትግልን ያዙ፤ መድረኩ ጠባብ፣ ወጪውም ትንሽ ነውና ለካሜራ ተመቸ። ጠጉሩን ወርቃማ ያስቀባው ጎርጅየስ ጆርጅ በዚሁ ዝነኛ ሆነ። ነገር ግን የሚወድቀው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን ነበር።

በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ከአዲስ አበባ አልፎ ቡሬና ፍኖተ ሰላም አልደረሰም። እኛ የዚያ ገጠር ልጆች ትግልን ያየነው ከብት ስንጠብቅ፣ ጨፌው ላይ ነው። እዚያ የወደቀ በእውነት ወድቋል፤ የጣለውም እጁን ይዞ ያነሣዋል።

ዛሬ ከባሕር ዳር የሚሠራጭ ቴሌቪዥን አለ። እንግዲህ ካሜራው ወደ ጨፌው ይውረድ እንላለን። ተመልካች ይብዛልን ብሎ አሸናፊውን አስቀድሞ የሚቆርጥ ከመጣ ግን፣ ትግላችን ሳይታይ ቢቀር ይሻለናል!