ለሯጭ የተመቸች ከተማ ለግራፊክስ ካርድ አትመችም!

የውጭ አገር አትሌቶች ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡት ለምን እንደሆነ የስፖርት ቤተሰቡ አሳምሮ ያውቃል፡፡ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው አዲስ አበባ አየሯ ሳሳ ያለ ነው፡፡ በዚህ አየር ሲለማመድ የከረመ ሯጭ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይጨምራል፤ ወደ ዝቅተኛ ሥፍራ ወርዶ ሲወዳደር ደግሞ ይፈተለካል፡፡ እንጦጦና ሱሉልታ በማለዳ በሯጮች የሚሞሉት በከንቱ አይደለም፡፡

ይኸው አየር ግን አንድን ሌላ “ስፖርተኛ” ያስጨንቃል፡፡ እሱም በጌም አፍቃሪው ጠረጴዛ ሥር እያጓራ የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ነው፡፡ ካርዱ የሚበርደው ማራገቢያው በሚነፋለት አየር ነውና አየሩ ሲሳሳ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙም አብሮ ይቀንሳል፡፡ የአዲስ አበባ አየር በባህር ጠረፍ ካለው አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፡፡ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው፡፡ የከተማዋ ብርድ ጥቂት ይክሳል፡፡ በሩን ዘግቶ አሥር ኮምፒውተር በሚያሠራ ጌም ቤት ውስጥ ግን ያም ካሳ የለም!

እንግዲህ በዚህ አየር ላይ ነው ወጣቱ ካርዱን “ኦቨርክሎክ ላድርገው” ብሎ የሚነሳው፡፡ ኦቨርክሎክ ማድረግ ማለት ካርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ከተሰጠው ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ማዘዝ ነው፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ገንዘብ ሳይወጣ ትርፍ ጉልበት ማግኘት፡፡ ማን ይጠላል?

በዚህ ጉዳይ ላይ ጌመሩ ለሁለት ተከፍሏል፡፡ አንዱ ወገን “አትንካው፣ ይቃጠላል” ይላል፡፡ ሌላው “እስከ ጥጉ ግፋው፣ ምንም አይሆንም” ይላል፡፡ ሁለቱም ልክ አይደሉም፡፡ ካርድም እንደ አትሌት ነው፡፡ ጨርሶ የማይሠራ አትሌት አያሸንፍም፤ ያለ ልክ የሠራም ጅማቱን ይበጥሳል፡፡

በመጀመሪያ ነገር ዘመኑ እንደተቀየረ ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ሴለሮን 300ኤ የተባለውን ፕሮሰሰር ሲያወጣ በ300 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ ነበር፡፡ ብዙዎች የማዘርቦርዱን ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ በማሳደግ ብቻ ፕሮሰሰሩን በ450 ሜጋኸርዝ አስሮጡት፡፡ የ50 በመቶ ጭማሪ በነፃ! የኦቨርክሎክ ወሬ የተስፋፋው እንዲህ ያለው ሲሳይ በነበረበት ጊዜ ነው፡፡

አሁን ያ ሲሳይ የለም፡፡ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ካርዱን ከፋብሪካ ሲያስወጡት ጉልበቱን አሟጠው ነው፡፡ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ካርዶቹ ቅዝቃዜና ኃይል እስካገኙ ድረስ ፍጥነታቸውን በራሳቸው እንዲጨምሩ አድርጓል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውንና ለዓመታት የጌመሩ ሁሉ ካርድ የነበረውን ጂቲኤክስ 1060 እንውሰድ፡፡ ባለ 6 ጊጋባይቱ በወረቀት ላይ 1,708 ሜጋኸርዝ ይባል እንጂ ሲበርድለት ያለማንም ትእዛዝ 1,800ን ያልፋል፡፡ በእጅ ሲገፋ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው 2,000 አካባቢ ነው፡፡ ትርፉ ከአሥር በመቶ ቢበልጥም በጥቂቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከዚያም ያንሳል፡፡

አሥር በመቶ በጨዋታ ላይ ሲመነዘር ስንት ነው? በሰከንድ 60 ፍሬም ያወጣ የነበረ ካርድ 66 ያወጣል፡፡ አንዱ ፍሬም ከ16.7 ሚሊ ሰከንድ ወደ 15.2 ወረደ ማለት ነው፡፡ ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ ከሆነ ደግሞ ያ ትርፍ ለዓይን እምብዛም አይታይም፡፡ ለዚህ ነው “ካርዴ 2,100 ገባ” የሚለው ፉከራ በጌም ቤት ወሬነቱ እንጂ በሜዳ ላይ ጎል የማይሆነው፡፡

ሌላም አለ፡፡ አጥቂው ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን አማካዩ ኳስ ካላቀበለው ምን ያደርጋል? ካውንተር ስትራይክን በመሳሰሉ ጨዋታዎች፣ በተለይ የምስል ጥራቱ ዝቅ ተደርጎ ሲጫወቱ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያዘገየው ፕሮሰሰሩ ነው፡፡ ግራፊክስ ካርዱ ኳስ እየጠበቀ የቆመ አጥቂ ነው፡፡ ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም፡፡ ጨዋታው እየሄደ የካርዱን ሥራ በመቶኛ የሚያሳይ ፕሮግራም መክፈት ነው፡፡ ካርዱ 95 በመቶና ከዚያ በላይ እየሠራ ከሆነ ደክሞታል፤ መግፋቱ ይጠቅማል፡፡ 60 በመቶ ላይ ከሆነ ግን መፍትሔው ሌላ ቦታ ነው ያለው፡፡

ታዲያ መግፋት የግድ ከሆነ እንዴት ይገፋ? “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለውን ተረት የተናገረው ሰው ኦቨርክሎክ ሲያደርግ የኖረ ይመስላል፡፡

የመጀመሪያው ሥራ ካርዱን መግፋት ሳይሆን ማጽዳት ነው፡፡ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ከሶኬት ተነቅሎ፣ የማራገቢያው አቧራ ይውጣ፡፡ ካርዱ ዓመታት ያስቆጠረ ከሆነ በቺፑና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለው ፔስት ደርቆ ይሆናልና በሚያውቅ ሰው እጅ ይቀየር፡፡ ጂቲኤክስ 1060 ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀመጠለት የሙቀት ልክ 83 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ይገታል፡፡ ስለዚህ በአቧራ የታፈነን ካርድ ማጽዳት ብቻ የጠፋውን ፍጥነት ይመልሳል፡፡ ስንቱ ነው ጫማው ውስጥ ጠጠር ይዞ “ለምን አልሮጥኩም” የሚለው!

ሁለተኛው መለካት ነው፡፡ ምንም ሳይነካ በፊት ካርዱ በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚያወጣና ሙቀቱ ስንት እንደሚደርስ በወረቀት ይጻፍ፡፡ ያለ ሰዓት የሚሮጥ አትሌት መሻሻሉን በምን ያውቃል?

ከዚያ በኋላ ነው ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ዓይነቱ ነፃ ፕሮግራም የሚከፈተው፡፡ የቺፑ ፍጥነት በ25 ሜጋኸርዝ ከፍ ይደረጋል፣ ይሞከራል፣ እንደገና 25 ይጨመራል፡፡ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ፣ ያልታሰበ ቀለም ወይም የተቆራረጠ ምስል ከታየ፣ ወይም ጨዋታው ተዘግቶ ከወጣ ልኩ አልፏል ማለት ነውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ያሻል፡፡ ሜሞሪው ከቺፑ ጋር አብሮ አይነካም፤ ተራውን ይጠብቅ፡፡ ሜሞሪው ደግሞ ተንኮለኛ ነው፡፡ ጂዲዲአር5 የተባለው ዓይነት ስህተት ሲፈጠር መረጃው እንደገና እንዲላክ ስለሚያደርግ ሳይዘጋ ሊቀጥል ይችላል፤ ግን ድጋሚ መላኩ ጊዜ ይበላል፡፡ ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬሙ የሚቀንሰው ለዚህ ነው፡፡ መለኪያው ፍሬም እንጂ ሜጋኸርዝ አይደለም!

“አምስት ደቂቃ ሞከርኩት፣ ሠራ” ማለትም አይበቃም፡፡ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተሞከረ ካርድ በውድድሩ መሃል ሀንግ ያደርጋል፡፡ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሲጫወቱበት ካልታመመ ነው ተረጋግቷል የሚባለው፡፡

በእጅ መጨመር የሌለበት ነገር ቢኖር ቮልቴጅ ነው፡፡ ፍጥነት ብቻ ሲገፋ ካርዱ ሀንግ ያደርግና ዳግም ሲነሳ ወደ ነበረበት ይመለሳል፡፡ ቮልቴጅ ሲጨመር ግን ሙቀቱ በእጥፍ ድርብ ነው የሚያሻቅበው፡፡ የካርዱን ውስጠ ፕሮግራም በሌላ ቀይሮ የኃይል ገደቡን ማንሳት ደግሞ ለአትሌት የተከለከለ መድኃኒት እንደመስጠት ነው፡፡

ከሁሉ የሚሻለውና ጥቂቶች ብቻ የሚሞክሩት መንገድ ግን ተቃራኒው ነው፡፡ ፍጥነቱን ሳይነኩ ቮልቴጁን መቀነስ! ቺፑ ለሥራ የሚበላው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ይሄዳል፡፡ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀነስ ያ ኃይል በ19 በመቶ ገደማ ይወርዳል፡፡ ካርዱ በዚያው ፍጥነት እየሮጠ ይበርዳል፣ ማራገቢያው ጸጥ ይላል፣ በሙቀት ምክንያት ይገታ የነበረው ፍጥነትም ይጸናል፡፡ አየሯ ለሳሳባት ከተማ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ፍጥነት መጽናቱ ከከፍተኛው ቁጥር ይበልጣል፡፡ ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲጨርስ አንዱን ኪሎ ሜትር የሮጠው በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ነው፡፡ አንዱን ኪሎ ሜትር በርሮ ቀጣዩ ላይ ቢያቃስት ኖሮ ሪከርዱ ባልመጣ ነበር፡፡ ጨዋታም እንዲሁ ነው፡፡ አንዴ 90፣ አንዴ 40 ፍሬም ከሚያወጣ ካርድ ሳይወዛወዝ 60 የሚያወጣው ይሻላል፡፡

ስለ ውድድር ከተነሳም አንድ እውነት አለ፡፡ ኢስፖርት እ.ኤ.አ. በ2023 ሃንግዡ ላይ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች ሜዳሊያ የሚሰጥበት ስፖርት ሆኗል፡፡ በትልልቅ የአዳራሽ ውድድሮች ግን ኮምፒውተሩን የሚያቀርበው አዘጋጁ ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት፡፡ እዚያ መድረክ ላይ ተጫዋቹ ይዞት የሚሄደው እጁን፣ ዓይኑንና ጭንቅላቱን እንጂ ኦቨርክሎክ ያደረገውን ካርድ አይደለም!

የአገር ቤቱ ጌመር ከሌላው የሚለይበት ነገር ደግሞ ካርዱ ሲበላሽ ነው፡፡ ብዙው ካርድ በዘመድ ሻንጣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጣ፣ አለዚያም ያገለገለ ነው፡፡ ዋስትና ቢኖረው እንኳ መልሶ ለመላክ የሚጠይቀው ወጪና ልፋት ተስፋ ያስቆርጣል፡፡ የእናት ዕቁብ የወጣበትን፣ የወንድም ደመወዝ የተቆጠረበትን ካርድ ለስድስት ፍሬም ብሎ አደጋ ላይ መጣል ጀግንነት አይባልም፡፡

ያገለገለ ካርድ የሚገዛም ሰው ክለቦች ተጫዋች ሲያስፈርሙ የሚያደርጉትን ያድርግ፤ መጀመሪያ የሕክምና ምርመራ! ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በካርድ መመረቱ ሲቀር፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች ወደ ገበያ ጎርፈዋል፡፡ እንዲህ ያለው ካርድ ጉዳቱን ደብቆ የፈረመ ተጫዋች ሊሆን ይችላል፡፡ ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት ከባድ ጨዋታ ተከፍቶበት ግማሽ ሰዓት ይታይ፡፡

መብራቱም አይረሳ፡፡ በላዩ ላይ ትልቅ ዋት የተጻፈበት ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ኦቨርክሎክ ከሚገድለው ካርድ የበለጠ ይገድላል፡፡ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚከተለው ዝላይም እንዲሁ፡፡ ለካርድ የሚሰስት ሰው ከኦቨርክሎክ በፊት ደህና ፓወር ሰፕላይና ስታቢላይዘር ይግዛ፡፡

ለጌም ቤት ባለቤቶችማ ምክሩ አጭር ነው፤ አትግፉ! ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራ ካርድ በየቀኑ ማራቶን እየሮጠ ነው፡፡ ማራቶን ሯጭን “መቶ ሜትርም ጨምርበት” የሚለው አሠልጣኝ የለም፡፡

እቤቱ ያለው ልጅ ግን አጽድቶ፣ ለክቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ቮልቴጅ ሳይጨምር ይሞክር፤ ማንም አይከለክለው፡፡ የራሱን ማሽን ልክ ማወቅ በራሱ ትምህርት ነው፡፡ ልኩ ላይ ሲደርስ መቆም ከቻለ ደግሞ ብዙ አሠልጣኞች ያልቻሉትን ቻለ ማለት ነው፡፡