ጆተኒ ቁማር አይደለም

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር የምንሄድ ተማሪዎች ሁሉ ራስ መኮንን ድልድይን ወርደን መሻገራችን የታወቀ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በየመንደሩ ጥግ ቆሞ የኖረው ጆተኒ በአዲሱ መንገድ ዳር ስፍራ ይኑረው ወይስ አይኑረው ብሎ የጠየቀ አላጋጠመንም። እኛ ጥያቄውን ስናነሣ «የቦዘኔ ጨዋታ ነው፤ የቁማር ታናሽ ወንድም!» ይሉናል። በዚህ አንስማማም።

እስቲ ዕቃውን ከፍተን እንየው። በሳንቲም የሚሠራው ጆተኒ በሆዱ ውስጥ ኳሶቹ የሚጠራቀሙበት አሸንዳ አለው፤ አፉን አንዲት መዝጊያ ትይዘዋለች። ልኩ የሆነ ሳንቲም ገብቶ እጀታው ሲገፋ መዝጊያዋ ትነሣለች፣ ኳሶቹም እየተንኳኩ ይወርዳሉ። ሳንቲሙ ከልኩ ውጭ ከሆነ እጀታው እምቢ ይላል። ጎል የገባች ኳስ ተመልሳ አሸንዳው ውስጥ ትታሰራለች፤ ኳሶቹ ሲያልቁ ጨዋታው አለቀ። እንግዲህ ተጫዋቹ የገዛው የተቆጠረ ኳስ ነው እንጂ ተስፋ አይደለም። በእኛ ሰፈርማ ብዙውን ጊዜ የሳንቲሙን ቀዳዳ ሥራ የሚሠራው ጠባቂው ልጅ ነው። (እሱ ከብረቱ ይልቅ ርኅሩኅ ነው፤ ዱቤ ያውቃል።) ሳንቲማችን ዋጋ ሲያጣ ጆተኒ አብሮ ያልሞተው በዚሁ ልጅ ምክንያት ይመስለናል።

ክርክሩ በእኛ አልተጀመረም። የኒውዮርክ ከተማ ፒንቦል የተባለውን የሳንቲም ጨዋታ በ1942 እ.ኤ.አ. ቁማር ነው ብላ ከለከለች፤ ከንቲባው ላጓርዲያም ማሽኖቹን በመዶሻ ሰባበሩ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ማሽኑ ተጫዋቹ ኳሷን መልሶ የሚመታበት ክንፍ ገና አልነበረውም፤ ዕድል ይበዛበት ነበር። ክንፉ የመጣው በ1947 ነው። በ1976 ሮጀር ሻርፕ የተባለ ተጫዋች በከተማው ምክር ቤት ሰዎች ፊት ቀርቦ ኳሷ የምትሄድበትን አስቀድሞ እየተናገረ መትቶ አሳየ፤ ክልከላውም ተነሣ።

ታዲያ መመርመር ያለበት ሳንቲም መግባቱ ሳይሆን ከገባ በኋላ ውጤቱን የሚወስነው እጅ ነው ወይስ ዕጣ የሚለው ነው። በስልኩ የስፖርት ውርርድ ሲቆርጥ የሚያመሸውን ጓደኛችንን ማንም ቦዘኔ ሳይለው፣ ጆተኒ ላይ የቆመው መሰደቡ ይገርመናል።

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ከድልድዩ ወዲህ ወይም ወዲያ፣ መተላለፊያ በማይዘጋበት ጥግ፣ ለሁለት ጠረጴዛ የሚበቃ ጥላ ይሰጥ። ጠባቂው ልጅም ሥራውን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይጀምር።