ኮረብቶቻችንን በእግራችን እንወቃቸው



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውሃ፣ ስለ መብራትና ስለ ቆሻሻ ብዙ ተብሏል። ዛሬ ስለ ኮረብቶቻችን ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

ባለፈው እሑድ ከሰፈራችን የተሰባሰብን ጥቂት ሰዎች ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ውሃና ቆሎ ይዘን ተነሣን። በአሶሳ ዙሪያ ካሉት ኮረብቶች ሦስቱን ስንወጣና ስንወርድ ውለን ማታ ገባን። እግራችን ዝሎ ነበር፤ ዓይናችን ግን ጠገበ። በስተ ምዕራብ ምድሩ ወደ ኩርሙክና ወደ ሱዳን ቆላ እየወረደ ይሄዳል፤ በሰሜን በኩል ወደ መንጌ የሚወስዱት ተራሮች ተደራርበው ይታያሉ። እንዲህ ያለ አገር ደጃችን ላይ ተቀምጦ ኖሯል ለካ!

የክልላችን ስም ራሱ የመጣው ከተራራ ነው። «ቤኒሻንጉል» የተባለው በመንጌ ተራራ ላይ ካለውና የበርታ ሕዝብ ከሚያከብረው «ቤላ ሻንጉል»፣ ማለትም ከሻንጉል ድንጋይ መሆኑ ይነገራል። ታዲያ ስማችንን ከድንጋይ ላይ አግኝተን፣ ልጆቻችን በየቀኑ የሚያዩትን ኮረብታ ስም እንኳ ባያውቁ አያሳፍርም?

ደስታችን ግን ሙሉ አልነበረም። ሁለተኛው ኮረብታ ላይ ስንደርስ ግማሽ ጎኑ በእሳት ነዶ ጠቁሯል። የተቃጠለው ሣር ብቻ አይደለም። ሽመሉም አብሮ ተለብልቧል። ሽመል በክረምት የሚያበቅለው ቡቃያ ለቤትና ለአጥር እስኪደርስ ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። አብቦ ሲደርቅ ደግሞ ተተኪው የሚበቅለው ከዘሩ ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ እሳት ከገባበት ተስፋው አብሮ ይነዳል።

እሳት የሚለቅ ሁሉ ክፉ ነው አንልም። ማር የሚቆርጥ አለ፤ ለከብቱ ለምለም ሣር የሚፈልግም አለ። ነገር ግን ነፋስ የወሰደውን እሳት ማን ይመልሰዋል? እኛም ብንሆን ከወቀሳ አናመልጥም። አረንጓዴ ዐሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ በበጋ ተመልሶ «ጸደቀ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ስንቱ ነው?

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው፦ እስከ ሚያዝያ ድረስ በወር አንድ እሑድ ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ። ለቀበሌ አስቀድመን እናሳውቅ፤ ማንም ብቻውን አይሂድ። ማጭድ ይዘን በችግኞቹ ዙሪያ ያለውን ደረቅ ሣር እንጨድ። እናቶችና አባቶች የኮረብቶቹን ስም በበርትኛ ለልጆች ይንገሩልን። የቻለ ሦስቱንም ይውጣ፤ ያልቻለ ከመጀመሪያው ጥላ ሥር ቡና ያፍላልን።

እግር ያልረገጠውን ኮረብታ ዓይን አይጠብቀውም። በሚቀጥለው እሑድ በጠዋት እዚሁ ሰሌዳ ሥር እንገናኝ።