ለአፍም ዳገት አለው

«ለአፍ ዳገት የለውም» የሚባለው ተናግሮ ለማይደክም ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ቡራዩ ውስጥ ዝናብ አባሮኝ አንዲት ፋርማሲ ደጃፍ ተጠልዬ ሳለሁ ግን ለአፍም ዳገት እንዳለው አየሁ።

ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው እናት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ገቡ። የምትናገርላቸው ልጃቸው ናት። «ዶክተር፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልወርድ ብሏቸዋል» አለችና ከቦርሳዋ አንድ የአሞክሳሲሊን እሽግ አወጣች። ከሌላ መድኃኒት ቤት የገዛችው ነው። እናቷ መዋጥ ቢያቅታቸው ካፕሱሉን ፈትታ ዱቄቱን ምላሳቸው ላይ ነስንሳላቸው ነበር። ይህን ስትናገር እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ወጣቱ ፋርማሲስት ከባንኮኒው ኋላ ወጥቶ ወንበር አቀረበላቸው። በአማርኛ ቢጠይቃቸው ዝም አሉ፤ በኦሮምኛ ሲያናግራቸው ቀና አሉ። የስልኩን መብራት አብርቶ «እስቲ እናቴ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አላቸው። የካንሰር ታካሚ መሆናቸውን ሲረዳ ሦስት ነገር ጠየቀ፦ ኬሞ (የካንሰሩን መድኃኒት) የወሰዱት መቼ ነው? የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? ትኩሳት አለ? ኬሞ ከወሰዱ ስምንተኛ ቀናቸው ነበር። የመድኃኒቱን ስም ልጅቷ አታውቀውም፤ «ቀዩ» ብቻ አለች። ቴርሞሜትሩ 38 ነጥብ 4 አሳየ። ፋርማሲስቱ ምንም አልሸጠላቸውም። «አሁኑኑ ሆስፒታል፤ ነገ አይባልም» ብሎ ያየውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለልጅቷ ሰጣት።

ትክክል ነበር። ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴልን ነው የሚያሳድደው። ካንሰሩ እንደዚያ ይባዛል፤ የፀጉር ሥርም፣ የአንጀት ሽፋንም፣ የአፍ ውስጠኛ ሽፋንም እንዲሁ። የአፋችን ሽፋን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ራሱን ስለሚተካ ኬሞው አዲሱን ሲገድል አሮጌው ይሳሳና ይላጣል። ቁስሉ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ባለው ቀን ነው። በነዚያው ቀናት ነጭ የደም ሴልም ይወርዳል። በሩ የሚሰበረው ዘበኛው በሌለበት ሌሊት ነው ማለት ነው። በአፍ ውስጥ ያለ ተራ ባክቴሪያ በቁስሉ ገብቶ ደም ውስጥ ከደረሰ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ለኬሞ ታካሚ 38 ዲግሪ የአደጋ ደወል የሚሆነው ለዚህ ነው።

የራስና የአንገት ጨረር የሚወስዱት ደግሞ ሌላ መከራ አለባቸው። ሕክምናው ስድስት ሰባት ሳምንት ይፈጃል፤ ቁስሉ ግን ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ አብዛኞቹን ይይዛቸዋል። ሕመሙን ፈርቶ ቀጠሮ የሚዘል ሰው የመዳን ዕድሉን ይቀንሳል፤ ካንሰሩ ዕረፍት ሲያገኝ መልሶ ያንሰራራልና።

እንግዲህ የኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ሆስፒታሉ ኬሞውን ሰጥቶ ታካሚውን በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሸኘዋል። ቁስሉ የሚወጣው ከሳምንት በኋላ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ባለ ቤቱ ውስጥ ነው፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። በዚያ ክፍተት ውስጥ በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ፣ ቀጠሮ የማይጠይቅ፣ የተማረ ሰው አንድ ነው፤ የሰፈሩ ፋርማሲስት። ይህ ሰው ግን የካንሰር ሕክምናው አካል ተደርጎ አይቆጠርም።

በኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ77 ሺህ በላይ አዳዲስ የካንሰር ሕሙማን እንደነበሩ ዓለም አቀፉ ግምት ያሳያል። ለረጅም ዓመታት ጨረር የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ጅማን የመሰሉ ማዕከላት የተጨመሩት በቅርብ ነው። ስለዚህ ስለ ካንሰር ስናወራ ዓይናችን ከሩቅ በመጣው ላይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን የመሰሉ ድርጅቶች ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ማረፊያ እስከ ማዘጋጀት ደርሰዋል፤ ተገቢም ነው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት የነዚህ ሦስት የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ሰው ግን «ቅርብ ነህ» ተብሎ ይታለፋል። ማረፊያ እንዲሰጠው ሩቅ አይደለም፤ ሌሊት ትኩሳት ሲነሳበት እንዲሄድ ቅርብ አይደለም። ከሱሉልታ የእንጦጦን ዳገት በሌሊት ለመሻገር የኮንትራት ታክሲ ስንት እንደሚጠይቅ የሞከረ ያውቀዋል።

ፋርማሲስቱ ምን ሊያደርግ ይችላል? ከሁሉ በፊት፣ አለመጉዳት። «አፌ ቆሰለ» ላለ ሁሉ ኮትሪሞክሳዞል ወይም ዳይክሎፌናክ መስጠት ልማድ ሆኗል። ታካሚው ሜቶትሬክሴት እየወሰደ ከሆነ ግን ኮትሪሞክሳዞሉ የመድኃኒቱን መርዝነት ያባብሳል፤ ቁስሉ ራሱ መርዙ መብዛቱን የሚናገር ምልክት ሊሆን ይችላል። ዳይክሎፌናክም ትኩሳቱን ሸፍኖ ያዘናጋል፤ የደም መርጊያ ሴል በወረደበት ሰው ላይ ደግሞ ደም ያፈሳል። ካፔሲታቢን የሚባለውን የኬሞ ኪኒን ቤቱ ሆኖ የሚውጥ ሰው አፉ ቆስሎ መብላት ካቃተው የሚቀጥለውን ኪኒን ከመዋጡ በፊት ሐኪሙን ማግኘት አለበት። ይህን የሚነግረው ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ሰው ካልሆነ ማን ነው?

ቀጥሎ የሚመጣው ርካሹ ነገር ነው። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሞልቶ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ መበጥበጥ፤ ከምግብ በኋላና በየአራት ሰዓቱ ተጉመጥምጦ መትፋት፤ በማግስቱ የተረፈውን ደፍቶ አዲስ መበጥበጥ። ሱቅ ውስጥ ቤኪንግ ፓውደር ከጎኑ ተደርድሮ ስለሚገኝ ሰው ያምታታዋል፤ ያኛው የኬክ ነው። ይህ ውህድ ቁስሉን አይፈውስም፤ አፍን አጽድቶና አርጥቦ እስኪድን ያሻግራል። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ ግን ቁስል ላይ እሳት ነው። ብዙ የሚሸጠው ክሎርሄክሲዲንም ቢሆን የራስና የአንገት ጨረር ለሚወስዱ ቁስል መከላከያ ይሁን ብለው ባለሙያዎች አይመክሩትም። ምላስ ላይ እንደ እርጎ ነጭ ነገር ከታየ ደግሞ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ሌላ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የማዕድ ቤት ወሬ ነው፤ ማዕድ ቤታችንን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ከፈረንጅ የተተረጎመ ወረቀት «ቅመም የበዛበት ምግብ ይቅር» ይላል። የኛ ሰው በርበሬን ከቅመም አይቆጥረውም፤ ወጥ ነው። ስለዚህ በስሙ መንገር ነው፦ ቀይ ወጥ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ የሚፋጅ ቡና ይቆዩ፤ አጥሚት፣ በርበሬ ያልነካው ገንፎ፣ አልጫ ሽሮ፣ ሙዝ ይተኳቸው። ሱሉልታ የወተት አገር ናት፤ ወተቱ ግን ሳይፈላ አይጠጣ። ፌጦ በሎሚ ለብዙ ነገር መድኃኒታችን ነው፤ ለተላጠ አፍ ግን አይሆንም። መፋቂያ ድድ ስለሚያደማ እስኪድን ለስላሳ ብሩሽ ወይም ንጹህ ጨርቅ ይሻላል። ማርስ? በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለራስና ለአንገት ጨረር ታካሚዎች ቁስሉን ለመከላከል ማርን በጥቆማ ደረጃ አስገብቶታል። ይሁንና ስኳር በሽታ ያለበት፣ ነጭ የደም ሴሉ የወረደበት ወይም ማሩ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ የማያውቅ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። ጾም የሚይዙ እናቶች ደግሞ አሉ። ለታመመ የሚፈቅደው የነፍስ አባት ነው፤ ፋርማሲስቱ ሊል የሚችለው «እናቴ፣ ንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ» ነው፤ ይህችም ምክር ናት።

«ፋርማሲስት ሐኪም አይሁን» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ኬሞ ይጨምር፣ ይቀንስ፣ ያስቁም አላልኩም። ይጠይቅ፣ ይለካ፣ ይምከር፣ ይላክ ነው ያልኩት። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ገጠር ለገጠር ቤት ለቤት የዞሩት ወጣት ሴቶችም ሐኪሞች አልነበሩም። ፋርማሲስቱ ደግሞ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል የፋርማሲ ትምህርት ፊቱን ከመድኃኒቱ ወደ ታካሚው ካዞረ። ያስተማርነውን አላሠራነውም።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ኬሞ የሚሰጥ ሆስፒታል ሁሉ ለታካሚው ከቀጠሮ ካርዱ ጋር አንዲት ተጨማሪ ካርድ ይስጠው፤ የመድኃኒቱ ስም፣ የተሰጠበት ቀንና በሌሊትም የሚነሳ ስልክ ይጻፍባት። «ቀዩ» ለፋርማሲስት ፍንጭ እንጂ መረጃ አይደለም። ካርዷ በአማርኛና በኦሮምኛ ትሁን። «አፍ» ያልነው በኦሮምኛ «አፋን» ነው፤ አፍም ነው፣ ቋንቋም ነው። ባልገባው ቋንቋ የተመከረ አፍ አይድንም። የሸገር ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ከሆስፒታሎቹ ጋር ሆኖ የሦስቱን ከተሞች ፋርማሲስቶች ለሁለት ቀን ቢያሠለጥን፣ ያን ስልክ ለነሱም ቢሰጥ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

የሚከብደው ሌላው ነው። ያን ዕለት ቡራዩ ያየሁት ወጣት ሩብ ሰዓት አጥፍቶ ምናልባት የሰው ሕይወት አትርፏል፤ በካዝናው ውስጥ ግን ከእናትየዋ የገባ አንድ ብር የለም። አሞክሳሲሊኑን የሸጠው ጎረቤቱ አትርፏል። ፋርማሲ የሚኖረው በሽያጭ ብቻ እስከሆነ ድረስ ሽያጭን የሚያስቀር ምክር ከደግ ሰው የሚጠበቅ ምጽዋት ሆኖ ይቀራል። የጤና መድን ለኪኒን እንደሚከፍል ሁሉ «አልሸጥልዎትም፣ አሁኑኑ ይሂዱ» ለሚል ባለሙያም የሚከፍልበት ስሌት እስኪወጣ ድረስ፣ የእናትየዋ ዕድል በየትኛው ፋርማሲ ደጃፍ እንደሚደርሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።